አረጋውያንን መጦር ማለት ማስቀመጥ ማለት አይደለም



በአገራችን ሽማግሌ የተከበረ ነው። ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ ወጣቱ ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ ገበታ ሲቀርብ እርሱ ይባርካል፤ ጠብ ሲነሣ እርሱ ያስታርቃል፤ ልጅ ሲዳር እርሱ ይመርቃል። ይልቁንም በወሎ ምድር ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ የአባትንና የእናትን ምርቃት እንደ መንገድ ስንቅ ቆጥሮ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ያረጁ ወላጆችን በቤት አኑሮ መጦር ለልጅ ግዴታ ብቻ ሳይሆን ክብርም ነው። ይህ ልማድ እጅግ መልካም ስለ ሆነ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ይገባዋል።

ነገር ግን ከዚሁ ከመልካሙ ልማድ ጋራ ተጣብቆ የሚኖር አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም መጦርን እንደ ማስቀመጥ፥ ማክበርንም እጅና እግርን ከሥራ እንደ መለየት አድርጎ መቁጠር ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የምናስረዳው፥ አረጋውያን አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቀኑ ከቤት ወጥተው መንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞችም ይህን ያለ አደጋ ለመፈጸም የሚቻልበትን መንገድ ነው።

ስሕተቱ በቤት ውስጥ የሚጀምርበት ሁኔታ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በደሴ ከተማ ከፒያሳ ከፍ ብሎ በሚገኝ ሠፈር የሚኖሩ አንድ አባት አሉ እንበል። በሥራ ዘመናቸው ጧት ቁልቁለቱን ወርደው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ይሄዱ፥ ማታም አቀበቱን በእግራቸው ይወጡ ነበር። በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ የውኃውን ባልዲ ለማንሣት ሲነሡ ልጃቸው «አባዬ፥ እኔ እያለሁ እርስዎ ባልዲ ያነሣሉ እንዴ? ቁጭ ይበሉ» ትላቸዋለች። ሱቅ ለመሄድ ቢያስቡ የልጅ ልጅ ይላካል፤ ለልቅሶ ወይም ለጸሎት ቢወጡ ባጃጅ ይጠራላቸዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም የሚታይ ነገር የለም። በሁለተኛው ዓመት የለመዱት አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ከበርጩማ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ አስፈለጋቸው። በአራተኛው ዓመት በሐምሌ ጭቃ እግራቸው ሸርተት ቢል ራሳቸውን መልሰው ለማቆም ስላልቻሉ ከደጃፋቸው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ጎረቤትም «እርጅና መጣባቸው» አለ። እርጅናስ በእርግጥ መጥቷል፤ ነገር ግን ብቻውን አልመጣም፤ እጁን ይዞ ያፋጠነው መቀመጥ ነው።

ልጅቱ ይህን ያደረገችው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ከፍቅር የተነሣ ነው። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ባልዲውን ከአባቷ እጅ በተቀበለች ቁጥር፥ ሳታውቀው ከጉልበታቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ትወስድ ነበር።

መቀመጥ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ማረሻ ከአፈር ጋራ ሲታገል ይውልና ያበራል፤ ከጣሪያ ሥር ሲሰቀል ግን ይዝጋል። የሰውም አካል እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፥ የዛገ ማረሻ ራሱን አያድስም፤ የሰው አካል ግን ወደ ሥራው ከተመለሰ በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ራሱን ያድሳል። አሁን ዋና ዋናዎቹን የአካል ክፍሎች በየተራ እንመለከታለን።

1ኛ፥ ጡንቻ። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 ዓመት በኋላም ቅነሳው ይፈጥናል። መቀመጥና መተኛት ደግሞ ይህን ፍጥነት ያብሱታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የወጣ አንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት እንዳመለከተው፥ ጤናማ የሆኑ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ሥጋ አንድ ኪሎ ግራም ያህል አጡ። እነዚህ ሰዎች በሽተኞች አልነበሩም፤ የጎዳቸው መተኛቱ ብቻ ነው።

2ኛ፥ አጥንት። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። የቆመና የሚራመድ ሰው የገዛ አካሉን ክብደት በእግሩና በዳሌው አጥንት ላይ ስለሚያሳርፍ አጥንቱ ጥንካሬውን ይጠብቃል። ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሰው አጥንት ግን እየሳሳ ይሄድና በጥቂት አወዳደቅ ይሰበራል። ይህም ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ በሴቶች ላይ የበረታ ስለ ሆነ፥ እናቶች ይልቁን ሊያስቡበት ይገባል።

3ኛ፥ ልብና የደም ሥር። እግር በሚራመድበት ጊዜ ጡንቻዎች ደምን ወደ ልብ በመግፋት ልብን ያግዛሉ። ዘወትር የሚራመድ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ በደሙ ውስጥ ያለውም ስኳር በጡንቻዎቹ ተወስዶ ኃይል ስለሚሆን የስኳር በሽታ ይቀልለታል።

4ኛ፥ ሚዛን። ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው ዓይኑ፥ የውስጥ ጆሮው፥ የእግሩም ስሜት ተባብረው ወደ አንጎል መልእክት ስለሚልኩ ነው። ይህ ትብብር በልምምድ ይኖራል፤ ያለ ልምምድም ይጠፋል። ከምንጣፍ ላይ የማይወርድ እግር ድንጋይ በገጠመው ቀን ይሳሳታል።

5ኛ፥ አእምሮና መንፈስ። ከቤት የማይወጣ ሰው ሰው አያገኝም፤ አዲስ ወሬ አይሰማም፤ እንቅልፉ ይረበሻል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። የሚንቀሳቀስ አረጋዊ ግን በድብርትና በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ የሚያንስ መሆኑ ተረጋግጧል።

ዕድሜ የማይከለክል መሆኑ

«አሁንማ ጊዜው አልፏል» የሚሉ አባቶችና እናቶች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በሌሎች አገሮች የተደረጉትን ምርመራዎች ጥቂት እንጥቀስ።

በ1953 (እ.ኤ.አ.) ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በለንደን ከተማ በአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አወጡ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ቲኬት ቆራጮቹ ደግሞ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ሁለቱም ዓይነት ሠራተኞች በአንድ መኪና፥ በአንድ ከተማ ውለው ሳለ፥ የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ አንሶ ተገኘ። ሥራ እንጂ ዕረፍት ልብን እንደማያጠነክር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እየታወቀ መጣ።

በ1990 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ያህል በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ እንዲያደርጉ ተደረገ። ልምምዱን የፈጸሙትም የእግራቸው ኃይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እነዚህ ሰዎች አልተጎለመሱም፤ ዕድሜያቸውም አልተመለሰም፤ ተኝቶ የነበረው ጡንቻቸው ብቻ ነቃ።

ከዚህም በቀር በ2014 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታወቀው ሰፊ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆኑ 1,635 ሰዎችን የያዘ ነበር። ግማሾቹ የእግር ጉዞና የጡንቻ ልምምድ እንዲያደርጉ፥ ግማሾቹ የጤና ትምህርት ብቻ እንዲሰሙ ተደርጎ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ተከታተሏቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 400 ሜትር በእግር መሄድ ያቃታቸው ከሚንቀሳቀሱት መካከል ከመቶ 30 ሲሆኑ፥ ትምህርቱን ብቻ ከሰሙት መካከል ከመቶ 35 ተኩል ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 400 ሜትር ማለት ከቤት እስከ ጎረቤት ልቅሶ ቤት፥ ከቤት እስከ መስጊድ ወይም እስከ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ይህን መሄድ የሚችል ሰው ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ ይህን ያጣ ሰው የሰው እጅ ጠባቂ ነው። ትምህርት መስማት ብቻውን እግርን እንደማያጠነክርም ከዚሁ እንረዳለን፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብም ሁሉ አንብቦ መነሣት ይገባዋል።

የሚበቃው መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፥ ቢያንስ 3 ቀንም ሚዛንን የሚጠብቅ ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን፥ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። 30 ደቂቃውም በአንድ ጊዜ መፈጸም አይኖርበትም፤ ጧት 10፥ እኩለ ቀን 10፥ ማታ 10 ደቂቃ ቢሆን ይቆጠራል።

«መካከለኛ» የሚባለው የቱ ነው? በሚራመዱበት ጊዜ ከጓደኛ ጋራ መነጋገር ከቻሉ፥ ለመዝፈን ወይም ለመዘመር ግን ትንፋሽ ካነሰዎት፥ መጠኑ ልክ ነው። መነጋገርም ካቃተዎት በዝቷልና ያቀዝቅዙ።

ይህን ሁሉ መፈጸም የማይችል ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ምንም ካለማድረግ ጥቂት ማድረግ ይሻላል። ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የኖረ አረጋዊ በመጀመሪያው ሳምንት ከቤቱ እስከ አጥሩ በር 5 ደቂቃ ቢመላለስ ይበቃዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጨምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በቤት ውስጥ ሳይሆን ከቤት ውጭ የሚሆንበት ምክንያት

በቤት ውስጥ መንቀሳቀስም ይጠቅማል። ከቤት ውጭ መውጣት ግን ሌሎች ጥቅሞችን ይጨምራል። የፀሐይ ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነታችን አጥንትን የሚያጠነክረውን ቪታሚን ዲ ይሠራል፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰውና አረጋዊ ይህን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው፥ በጨለማ ክፍል ተሸፋፍኖ መዋል ለእነርሱ ይበልጥ ይጎዳል። የቀን ብርሃን የሌሊቱን እንቅልፍ ያስተካክላል። ወጣ ገባ ያለው መሬትም ለእግር ሚዛን አስተማሪ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ማግኘቱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ባለፉበት ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ተሰድዷል፤ ብዙ ቤትም ሐዘን ገብቶበታል። ሐዘን የገባበት አረጋዊ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ይቀናዋል። እንዲህ ላለው ሰው በምክር ብዛት ከማድከም ይልቅ «ይነሡ፥ እስከ ጥግ ድረስ አብረን እንሂድ» ብሎ ክንዱን መያዝ ይሻላል። አብሮ የሚራመድ ሰው ሳይጠየቅ የልቡን ይናገራል።

በደሴ ስለሚኖሩ አረጋውያን

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው ብዙ ጊዜ አቀበት ወይም ቁልቁለት ያገኛል። ይህ ለአረጋውያን ችግር ይመስላል፤ በጥበብ ለሚጠቀምበት ግን ሀብት ነው፤ አቀበት የጭንንና የልብን ኃይል የሚያሳድግ ያለ ዋጋ የተገኘ መልመጃ ነውና።

በአቀበት ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዓት ይህ ነው። አጠር ባለ እርምጃ ይውጡ፤ በየ20 ወይም በየ30 እርምጃው ቆም ብለው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፤ መቆም አያሳፍርም። ቁልቁለት ከአቀበት ይልቅ ጉልበትን እንደሚጎዳና እንደሚያንሸራትት አይርሱ፤ ስለዚህ ሲወርዱ ምርኩዝ ይያዙ፤ ጉልበትዎን ትንሽ ዕጥፍ ያድርጉ፤ አይቸኩሉ። ጀማሪ የሆነ ሰው ወደ አይጠየፍ ኮረብታ አይነሣ፤ በሠፈሩ የሚገኘውን ደልዳላ ስፍራ መርጦ ይመላለስ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አቀበቱን ይሞክር።

የደሴ ጧት ብርድና ጉም የበዛበት ነው። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከሙቅ አልጋ ተነሥቶ ወደ አቀበት መገሥገሥ የለበትም። ጉሙ እስኪገፍ፥ ጤዛውም እስኪደርቅ ቆይቶ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢወጣ ይሻላል። ጋቢ መልበስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጫፉ እግር ሥር እንዳይጎተት ይጠንቀቁ። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን፥ በበልግ ዝናብም ጊዜ እንደዚሁ፥ ዶፍ በሚወርድበት ቀን በረንዳ ላይ መመላለስ ይበቃል። ሰኞ ገበያ መውጣት ራሱ መልካም እንቅስቃሴ ነው፤ ሆኖም ግፊያው ሳይበረታ ማልዶ መሄድና ከባድ ሸክም አለመሸከም ያስፈልጋል።

በኮምቦልቻ ስለሚኖሩ አረጋውያን

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ኮምቦልቻ ከደሴ በ4 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። ስለዚህ ለደሴ የሰጠነው ሰዓት ለኮምቦልቻ አይስማማም።

በኮምቦልቻ የሚኖር አረጋዊ ፀሐይ ሳትበረታ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፥ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢወጣ ይሻላል። ይልቁንም በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በቀትር መራመድ አይገባም። በዕድሜ የገፋ ሰው ውኃ ቢጎድለውም ጥሙ ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሳይጠማ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይውጣ፤ ሲመለስም ይድገም። ባርኔጣ፥ ሻሽ ወይም ጥላ አይለየው።

የኮምቦልቻ መሬት በብዙ ስፍራ ደልዳላ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ዋናው አደጋ መኪና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፥ ወደ ባቲና ወደ ሚሌም የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች በከተማይቱ ያልፋሉ። ስለዚህ ከአስፋልቱ ጠርዝ ይልቅ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይመረጥ፤ የግድ በአስፋልት ዳር መሄድ ቢያስፈልግ የሚመጣው መኪና እንዲታይ ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል መሄድ፥ በምሽትም ነጭ ልብስ መልበስ ይገባል። ከቦርከና ወንዝ ዳርቻ በክረምት መራቅ ያስፈልጋል፤ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ከታች ሳይታሰብ ሞልቶ ይደርሳልና።

ልጆቹን ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አልፎ ደሴ የሚወጣ አረጋዊ፥ በደረሰበት ቀን የከፍታው አየር ስስ መሆኑን ያስብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከለመደው መጠን ግማሹን ብቻ ይራመድ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውም ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይልመድ።

በግቢ ውስጥ የሚፈጸሙ አራት ልምምዶች

ከእግር ጉዞ ሌላ የሚከተሉትን በሳምንት 3 ቀን በግቢ፥ በፀሐይ ሆነው መፈጸም ይቻላል። ወንበርና ግድግዳ ብቻ ይበቃል።

1ኛ፥ መነሣትና መቀመጥ። በማይንቀሳቀስ ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ ቢቻል እጅ ሳያስደግፉ ይነሡ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ከ5 ጀምረው እስከ 10 ጊዜ ያድርሱ። በርጩማ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ለመጀመሪያ አይመረጥም።

2ኛ፥ በእግር ጣት መቆም። ግድግዳ ይዘው ተረከዝዎን ከመሬት ያንሡ፤ ሦስት ያህል ቆጥረው ይመልሱ። 10 ጊዜ።

3ኛ፥ በአንድ መሥመር መቆም። ግድግዳው በእጅ በሚደረስበት ስፍራ ሆነው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ያድርጉ፤ እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ከዚያ እግር ይለውጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው በአጠገብ ይቁም።

4ኛ፥ ግድግዳ መግፋት። ከግድግዳ አንድ እርምጃ ርቀው ሁለት እጅዎን ያሳርፉ፤ ክንድዎን አጥፈው ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ገፍተውም ይመለሱ። 10 ጊዜ።

በወሎ ቤት የቡና ሥርዓት ረጅም ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ፥ ከቶናውም እስከ በረካ ያለውን ጊዜ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ተነሥቶ ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር መልካም ልማድ ነው። በወዳጃ ወይም በጫት ላይ ረጅም ሰዓት የሚቀመጡም ሰዎች በየሰዓቱ ተነሥተው እግራቸውን ማፍታታት ይገባቸዋል። ምእመናን በስግደት፥ ሙስሊሞችም በሰላት ጊዜ የሚያደርጉት መነሣትና ማጎንበስ ለመገጣጠሚያ ጥቅም አለው፤ ጉልበቱ የማይፈቅድለት ግን ራሱን አያስገድድ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ አስም ወይም ያልዳነ ስብራት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ይህ ማለት በሽታ ያለበት አይራመድ ማለት አይደለም፤ ከእነዚህ በሽታዎች ለብዙዎቹ መራመድ ከመድኃኒቱ ጋራ አብሮ የሚታዘዝ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋ በድንገት አይነሣ፤ መጀመሪያ ጥቂት ይቀመጥ፥ ከዚያም ይቁም። የስኳር በሽታ ያለበት ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሱ ይያዝ፤ ማታ ማታም የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መካከል ይመልከት፤ ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ትሰፋለችና።

በጾም ወራት፥ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፥ ረጅሙን ጉዞ በርኀቡ ሰዓት መጨረሻ ላይ ማድረግ አይገባም። የስኳር በሽታ ያለበትም ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ጫማ፥ ተረከዝን የማይዝ ሸበጥ ለግቢ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ሶሉ ያላለቀ፥ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ይመረጥ።

በጉዞ ላይ ሳሉ ደረት ላይ የመጫን ወይም የመውጋት ስሜት፥ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፥ ከልክ ያለፈ ማለክለክ፥ ማዞር፥ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የእጅና የእግር መዛል ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆም፥ መቀመጥና ሰው መጥራት ያስፈልጋል። ጥቂት ዐርፌ ልቀጥል ማለት አይገባም፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ።

ብዙ ጊዜ ለሚቀርቡ ምክንያቶች መልስ

«ጉልበቴን ያመኛል» የሚል አለ። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲያገኝ ይሻለዋል እንጂ አይብስበትም፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ለጉልበት ድጋፍ ይሆነዋልና። ያበጠ፥ የጋለ ወይም በድንገት የታመመ ጉልበት ግን በሐኪም ይታይ።

«ሰው ምን ይለኛል? በዚህ ዕድሜዬ ያለ ጉዳይ ስዞር ልታይ?» የሚልም አለ። በምርኩዙ እየተራመደ በየደጁ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ሽማግሌ ለሠፈሩ በረከት እንጂ መሳቂያ አይደለም።

«እኔስ ከማጀት ወጥቼ አላውቅም፤ ድካም መች አነሰኝ?» የሚሉ እናቶች ደግሞ እውነት አላቸው። እንጨት የሚሸከሙ፥ ሊጥ የሚያቦኩ፥ በጢስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ የሚውሉ እናቶች ሸክም እንጂ እንቅስቃሴ አልጎደላቸውም። ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው ከባዱ ሸክም ተወስዶላቸው፥ ከጢሱ ወጥተው፥ ወገባቸውን ቀና አድርገው በንጹሕ አየር መራመድ ነው። ስለዚህ ልጆች ለአባት ባልዲውን ይተዉለት ስንል፥ ለእናት የእንጨቱን እስር ያንሡላት ማለታችን ጭምር ነው።

የቤተ ሰብና የሠፈር ድርሻ

ልጆች ሆይ፥ ከእጃቸው ሥራ ከመቀበል በፊት «ይችላሉን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚችሉትን ተዉላቸው፤ የማይችሉትን አግዟቸው፤ በመካከል ያለውን አብራችኋቸው ሥሩ። ጎመን መኮትኮት፥ ዶሮ መመገብ፥ የልጅ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፥ ከሱቅ ቀላል ዕቃ መግዛት ሁሉ መድኃኒት ነው። ከደጃፍ ያለውን ድንጋይ አንሡ፤ ለደረጃው መያዣ እንጨት ምቱለት፤ ወደ መጸዳጃ የሚወስደውን መንገድ ጠጠር አልብሱ፤ ለሌሊትም ብርሃን አድርጉበት።

ቅሬዎችና እድሮችም ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ሳለ ደግሞ በአቀበቱ መካከል ማረፊያ አግዳሚ ቢተክልለት ምንኛ መልካም ነው። ክፍት ቦይ መክደን፥ ሳምንት አንድ ቀን አረጋውያንን ሰብስቦ አብሮ መራመድ፥ ለሦስት ቀን ከቤት ያልወጣውን ሄዶ መጠየቅ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ሕዝቡ ሲራመድባቸው ታይቷል። አንድ የሠፈር መንገድ በእሑድ ጧት እንዲሁ ቢደረግለት፥ አረጋውያን ያለ ስጋት ይወጡበታል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ነገራችንን ስንሰበስበው፥ እርጅናን ማስቀረት አይቻልም፤ አልጋ ቁራኛ መሆንን ግን በብዙ ሰዎች ዘንድ ማዘግየት ይቻላል። በቀን 30 ደቂቃ መራመድ፥ በሳምንት 3 ቀን ጡንቻንና ሚዛንን ማለማመድ፥ በደሴ ብርዱንና ጭቃውን፥ በኮምቦልቻ ሙቀቱንና መኪናውን መጠንቀቅ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ አጥንት ሳይሰበር እግርን ማጠንከር ይቀድማል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለምርቃት እጃቸውን የሚዘረጉት፥ በገዛ እግራቸው ቆመው ቢሆን ምርቃቱ ለእነርሱም ለእኛም ደስታ ይሆናል።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

(በቅሬ ስብሰባ ወይም በቤት ውስጥ አንዱ እያነበበ ሌሎች ይመልሱ።)

1. በቤታችሁ ያሉ አረጋዊ እየቻሉት ሌላ ሰው የሚሠራላቸው ሥራ የትኛው ነው?
2. የእንቅስቃሴ መጠን «መካከለኛ» መሆኑ በምን ይታወቃል?
3. በደሴና በኮምቦልቻ የመራመጃ ሰዓት የተለያየው ስለ ምንድን ነው?
4. በጉዞ ላይ የትኞቹ ምልክቶች ቢታዩ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል?
5. በሠፈራችሁ አረጋውያንን ከቤት እንዳይወጡ የሚያግደው ቦይ፥ ድንጋይ ወይም ጨለማ የት ነው? እስከሚመጣው ወርስ ማን ያስተካክለዋል?